ቋ የሚለው ነገር

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት የቤተሰብ መኪኖች መካከል ቁመታቸው ከፍ ያለ፣ ገጽታቸው አገር አቋራጭ የሚመስል፣ ዕድሜያቸውን ግን በአብዛኛው በትምህርት ቤት በር፣ በገበያና በለቅሶ ቤት መካከል የሚፈጁት፣ እንደ ቶዮታ ራቭፎር፣ ሱዙኪ ቪታራና ሂዩንዳይ ቱሳን ያሉት፣ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ሞተራቸው ገና ሳይደክም እግራቸው መናገር መጀመሩ ነው። በጋራዥ «እግር» የሚባለው፣ በመጻሕፍት ደግሞ ሰስፔንሽን ተብሎ የሚጠራው ክፍል፣ ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ ሞላዎች፣ አሞርዛተሮች፣ መገጣጠሚያዎችና በመካከላቸው የሚገቡት የላስቲክ ትራሶች ድምር ሲሆን፣ ሥራው የሚጣሉ ሁለት ጌቶችን በአንድ ጊዜ ማገልገል ነው፤ በአንድ በኩል ጎማው ከመንገዱ እንዳይለይ መጠበቅ፣ በሌላ በኩል ተሳፋሪው መንገዱ ምን እንደሚመስል እንዳያውቅ ማድረግ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን ግዴታ ሳይወጣ ሲቀር አደጋ ይደርሳል፤ ሁለተኛውን ሳይወጣ ሲቀር ግን ቤተሰብ ይጨቃጨቃል፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተውም ሁለተኛውን ነው።

ከፊት ወንበር ሥር የሚሰማው «ቋ» የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ኤርል ማክፈርሰን ከተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1891 በኢሊኖይ የተወለደው ይህ ሰው በ1940ዎቹ ለጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ፣ ሼቭሮሌት ካዴት ለምትባል አነስተኛ መኪና ሞላውንና አሞርዛተሩን በአንድ ቋሚ ዓምድ ያጣመረ ቀላል እግር ነደፈ፤ መኪናዋ ለገበያ ሳትበቃ ብትቀርም ሐሳቡን ይዞ ወደ ፎርድ ተሻገረ፣ ንድፉም በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መግቢያ በፈረንሳይና በእንግሊዝ በተሠሩ የፎርድ መኪኖች ላይ ውሎ፣ ርካሽና ቦታ ቆጣቢ በመሆኑ ዓለምን አዳረሰ። ሞላ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ጉድጓድና ጉብታ በመጣ ቁጥር የሚታመቅና የሚዘረጋ ጥምዝምዝ ብረት ሲሆን፣ አሞርዛተር ደግሞ ሞላው አንዴ ከተነሣ በኋላ ሲዘል እንዳይውል፣ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ በማሳለፍ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ቱቦ ነው። ማክፈርሰን ሁለቱን ሲያጣምር የዓምዱን ራስ ከኮፋኖው ሥር በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር ስላሰረው፣ ከታች የሚነሣ ማንኛውም ምት በዚሁ ዓምድ ሽቅብ ወጥቶ ሾፌሩ ጉልበት ፊት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ብቅ ያለው የመጀመሪያው ራቭፎርም ከፊት የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ንድፍ አውጪው በ1960 ሲያርፍ ግን ሥራው አንድ ቀን በአዲስ አበባ ኮብልስቶን ላይ እንደሚፈተን የሚገምትበት ምክንያት አልነበረውም።

ኮብልስቶን፣ ማለትም በእጅ የተጠረበ ድንጋይ በአሸዋ ላይ እየተደረደረ የሚነጠፍበት የሰፈር መንገድ፣ ከጭቃና ከአቧራ በማዳን የዋለው ውለታ የማይካድ ቢሆንም፣ ለመኪና እግር ግን ማለቂያ የሌለው የትንንሽ ምቶች ሰልፍ ነው፤ ትልቅ ጉድጓድ አንዴ መትቶ ያልፋል፣ ኮብልስቶን ግን እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው፣ በየድንጋዩ፣ በየቀኑ ይመታል። በዚህ ምክንያት በዓመት አንዴ ወደ ላንጋኖ ሲወርድ «ለገጠር መንገድ ተብሎ የተገዛ» መሆኑ የሚወሳለት መኪና፣ እውነተኛውን የገጠር ጉዞ የሚያደርገው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ እስከ ግቢው በር ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተሰማ በመኪናው ውስጥ ጉባኤ ይቀመጣል። ሾፌሩ «ምንም አይደለም» ይላል፤ ይህ የምርመራው የመጀመሪያ ደረጃ ሲሆን ርዝመቱ እንደ ሾፌሩ የገንዘብ አቅም ከሳምንት እስከ ዓመት ሊደርስ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ይህ ሕክምና ወጪ የሌለበትና በመላው ከተማ የተፈተነ ቢሆንም፣ ድምፁ በመሪው በኩል ወደ እጅ መዝለቅ ሲጀምር ፈውስነቱ ያበቃል። በሦስተኛው ደረጃ አስተያየት ይሰጣል፤ ባለቤትየዋ ድምፁ በእርሷ በኩል ካለው ጎማ እንደሚመጣ በእርግጠኝነት ትናገራለች፣ ሾፌሩ በራሱ በኩል እንደሆነ በዚያው እርግጠኝነት ይመልሳል፣ ከኋላ የተቀመጡት አያት «ብቻ ቀስ በል ልጄ» ይላሉ፤ ከሁሉም አስተያየት በሜካኒክስ ሕግ የሚደገፈው የእርሳቸው ቢሆንም የሚሰማቸው ግን የለም። ለምርመራው የሚበጅ መረጃ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሕፃኑ ዘንድ ነው፤ ሕፃን ድምፁን ለመተርጎም ሳይሞክር እንዳለ ይደግመዋል፣ «ቋ ቋ» ያለውን «ጓ» አያደርገውም፣ ሲጢጥ የሚለውንም ከሚንኳኳው አይቀላቅልም።

የጉባኤው ችግር የሐሳብ ልዩነቱ ሳይሆን የጥያቄው ስሕተት ነው፤ ሁሉም የሚከራከረው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን መቼ እንደሚመጣ ነበር። የዘመኑ መኪና አካል ከቆርቆሮ ተበይዶ የተሠራ አንድ ወጥ ሣጥን በመሆኑ፣ ከግራ የፊት እግር የተነሣ ምት በወለሉ ዞሮ በቀኝ ተሳፋሪ እግር ሥር ሊሰማ ይችላል፤ የኋላው ከፊት፣ የፊቱም ከኋላ የመጣ መስሎ ጆሮን ያታልላል። ጊዜው ግን አያታልልም፦ ቀጥታ ሲኬድ ነው ወይስ ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሲለቀቅ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አብረው ሲወጡ ነው ወይስ አንዱ ብቻ ሲወጣ፣ ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ፣ በጋ ነው ወይስ ክረምት። እነዚህን የመለሰ ሾፌር ከመኪናው ሥር ሳይገባ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል፤ ያልመለሰ ግን የጋራዡን ሰው ፍረድ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ፍርዱም በገንዘብ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የዕቃ መጫኛውን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል መስሎ የሚታይ ትእዛዝ በተግባር ከባዱ ነው፤ በቤተሰብ መኪና የኋላ ክፍል ውስጥ ከማሰሪያው የወጣ ክሪክ፣ ያልታሰረ ትርፍ ጎማ፣ የተረሳ የቢራ ሣጥን፣ አንድ እግሩ የጎደለ የሕፃን ጋሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግማሹ ያለቀ የጠበል ጀሪካን ስለሚገኝ ነው። ጀሪካኑ በየመታጠፊያው ከግድግዳ ግድግዳ እየተንከባለለ የአሞርዛተርን ሕመም አሳምሮ የሚያስመስል ድምፅ ያወጣል፤ ሆኖም መኪናውን ከአደጋ የሚጠብቀው እርሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከቦታው የሚያነሣው አይገኝም። ለሳይንሱም ለእምነቱም የሚበጀው መካከለኛ መንገድ ጀሪካኑን ከፊት ወንበር ሥር አጥብቆ ማሰር ነው። ይህን ያደረጉ ቤተሰቦች አንድ ሳንቲም ሳያወጡ የዳኑበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ በዚህ ዓይነት የዳነ ሰው ግን ታሪኩን ለሌላ አይናገርም።

ዕቃው ሁሉ ወርዶ ድምፁ ከቀጠለ፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የስታብላይዘር ሊንክ ነው። ስታብላይዘር ባር መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳይጋደል የግራና የቀኝ እግሮችን የሚያስተሳስር፣ ጫፎቹ የታጠፉ ረጅም ዘንግ ሲሆን፣ ሊንኩ ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ከእግሩ ዓምድ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ብረት ነው፤ በሁለት ጫፎቹ እንደ ሰው ዳሌ መገጣጠሚያ ኳስ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ ይዞራል። ይህን ኳስ የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ አቧራና ውኃ ይገባበታል፣ ግሪሱ ይታጠባል፣ ቤቱ ይሰፋል፣ ከዚያም በኮብልስቶን ላይ በያንዳንዱ ድንጋይ አንድ «ቀጭ» ይላል። ዋጋው ከእግሩ ክፍሎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ሳለ የሚያሰማው ጩኸት ከሁሉም የበለጠ በመሆኑ፣ በከተማው ውስጥ ያለጥፋታቸው የተለወጡ አሞርዛተሮች ቢቆጠሩ አብዛኞቹ የእርሱን ዕዳ የከፈሉ ሆነው ሳይገኙ አይቀሩም።

ይህን ክፍል ለይቶ ለመያዝ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማዘጋጃ ቤቱና የሰፈሩ ነዋሪዎች በየአቅጣጫው የሠሯቸው የፍጥነት መገደቢያ ጉብታዎች በነጻ የቀረቡ የመመርመሪያ ጣቢያዎች ናቸው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጉብታውን አብረው ከወጡ ስታብላይዘር ባሩ በላስቲክ ትራሱ ውስጥ ከመዞር በቀር የሚታገለው ስለሌለ ሊንኩ ዝም ይላል፤ መኪናው ጉብታውን በሰያፍ ሲወጣ ግን አንዱ ጎማ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ስለሚል ባሩ ይጠማዘዛል፣ ሊንኩም ይጎተታል፣ ይገፋል። ስለዚህ በቀጥታ ሲወጣ ጸጥ ብሎ በሰያፍ ሲወጣ የሚንኳኳ መኪና ጥፋተኛው ሊንኩ ወይም የባሩ ላስቲክ መሆኑን ሊናዘዝ ተቃርቧል፤ በሁለቱም አወጣጥ የሚንኳኳ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ዓምዱ ራስ፣ ወደ አሞርዛተሩና ወደ ታችኛው ክንድ ይዞራል። የዚህ ዘዴ ብቸኛ እንከን ማኅበራዊ ነው፤ አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ አንዱን ጉብታ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ሲመላለስበት የተመለከተ የሰፈር ዘበኛ የሚጠረጥረው ሊንኩን አይደለም።

በጋራዥ ውስጥ ሊንኩን ለመፈተሽ ሲባል አንድ ጎን ብቻ በክሪክ ማንሣት በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው። የአንድ ወገን ጎማ ሲንጠለጠል ባሩ ስለሚጠማዘዝ ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ የተወጠረ ሊንክ ደግሞ ምንም ያህል ያለቀ ቢሆን ሲነቀነቅ ክፍተት አያሳይም፣ መርማሪውም «ይሄ ጤነኛ ነው» ብሎ ወደ ውዱ ዕቃ ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ መኪናው በአራቱም ጎማ እንደቆመ፣ ወይም ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ተነሥተው፣ ጣትን በመገጣጠሚያው ላይ አድርጎ ሌላ ሰው መኪናውን እንዲያወዛውዝ ማድረግ ነው፤ ጆሮ የሚሳሳተውን ያህል ጣት አይሳሳትም።

ጎማን ጨብጦ መነቅነቅ ሌላው የታወቀ ፈተና ሲሆን፣ የውጭ መመሪያዎች ጎማውን እንደ ሰዓት ገጽ በመቁጠር «በአሥራ ሁለትና በስድስት» ከዚያም «በሦስትና በዘጠኝ» ይያዝ ይላሉ። የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ስለሚለይ ላይኛው አሥራ ሁለት ስድስት፣ ታችኛው ስድስት አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሦስቱም ዘጠኝ፣ ዘጠኙም ሦስት ይሆናል፤ ስለዚህ ባለሙያው መመሪያውን በየትኛውም አቆጣጠር ቢያነበው እጆቹ የሚያርፉት በዚያው ቦታ ነው፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት በሌላ ጉዳይ አይታይም። ጎማው ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ክፍተት ከተሰማ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ቴስቲና ይጠረጠራል፤ ቴስቲና ማለት ጎማው ሽቅብና ቁልቁል እየሄደ እንዲታጠፍ የሚያስችለው ዋናው የኳስ መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይረግጣል፤ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቴስቲናው ነው። በግራና በቀኝ ሲነቀነቅ የሚሰማው ክፍተት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ቴስቲና ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ማቆም ተገቢ ይሆናል፤ የታችኛው ቴስቲና ከቤቱ ሲወጣ ጎማው ከሥር ስለሚታጠፍና መኪናውም መሪውን መታዘዝ ስለሚያቆም፣ የዚህ ዕቃ ድምፅ በሬዲዮ ሊሸፈን አይገባውም።

ፍሬን ራሱም በእግር ስም የሚከሰስበት ጊዜ አለ። በሻካራ መንገድ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ፍሬኑ በቀስታ ሲነካ ድንገት ከጠፋ፣ የሚንቀጫቀጨው በቤቱ ውስጥ የላላ የፍሬን ሸራ ነው፤ በሌላ በኩል ፍሬን ሲያዝ አንድ «ዷ»፣ መልሶ ሲነሣ አንድ «ዷ» የሚል መኪና የታችኛው ክንድ ላስቲክ ተቀድዶ ክንዱ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ መሆኑን ይናገራል። መኪናው ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ የሚሰማ የሽቦ መወጠር ዓይነት ድምፅ የዓምዱ ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታ ደርቆ ሞላው አብሮ አልዞርም ሲል የሚፈጠር ነው፤ መሪ እስከ መጨረሻው ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» ደግሞ ከእግሩ ሳይሆን ኃይልን ወደ ጎማ ከሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ ነው፤ ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ «ጉርርር» የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ሲጢጥታ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከመኪና ድምፆች ሁሉ የአየር ሁኔታን የሚከተለው እርሱ ነው። የደረቀ ላስቲክ በብረት ላይ ሲሻሽ ያፏጫል፣ ሲረጥብ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በጋውን ሙሉ ሲያፏጭ የከረመ መኪና በክረምት ይታረማል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ የብዙ ጋራዦችን ስም አስጠርቷል፤ ሰኔ ላይ የተጠገነ ሲጢጥታ ሁሉ የሰመረ ጥገና ነው፣ እውነቱ የሚታወቀው ጥቅምት ላይ ነው። ሕጉን ለምርመራ መገልገልም ይቻላል፤ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ ትንሽ ውኃ እያንዳንዱ ላስቲክ ላይ ለየብቻ ጠብ እያደረጉ መኪናውን ማወዛወዝ የትኛው እንደሚጮኽ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። በውኃ ፋንታ ዘይት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንዳንድ ላቫጆዎች የመኪናውን ሥር በናፍታ ወይም በተቃጠለ ዘይት የመርጨት ልማድ አለ፤ ዝገትን ይከላከላል፣ ሲጢጥታንም ወዲያው ያጠፋል ተብሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን ከነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት የተፈጥሮ ላስቲክን አሳብጦ ስለሚያበሰብስ፣ ዛሬ የተገዛው ጸጥታ የነገው የላስቲክ መለወጫ ቀብድ ነው። ለላስቲክ የሚስማማው የሲሊኮን ቅባት ነው።

አሞርዛተር ከሁሉ የበለጠ የሚታማ ዕቃ ሲሆን ከሐሜቱ ግማሹ እንኳ አይገባውም። ያለቀ አሞርዛተር በአብዛኛው ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው፤ ዘይቱን ወደ ውጭ ያለቅሳል፣ መኪናውን ከጉብታ በኋላ ያዘልላል፣ ጎማን እዚህም እዚያም ያስበላል። የመኪናውን ጥግ ቁልቁል ተጭኖ ሲለቁት አንዴ ተነሥቶ መርጋት አለበት፤ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አልቋል ማለት ነው። ሲንኳኳ የሚሰማ አሞርዛተር ብዙውን ጊዜ ራሱ ሳይሆን ከላይ የያዘው ዳዶ ወይም የዓምዱ ራስ ላስቲክ ነው የላላው። ይህ ግን ሽያጩን አልቀነሰውም፤ አሞርዛተር ትልቅ፣ የሚታይና ስሙ የሚታወቅ ዕቃ በመሆኑ፣ ብር የከፈለ ሰው የገዛውን ነገር በእጁ ሲይዘው ደስ ይለዋል፤ ለስንዝር ሊንክ ግን «ይችን ነው እንዴ?» ከማለት አይመለስም።

እንደሚታወቀው መኪናው ጋራዥ በር ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ይህ በብዙዎች ዘንድ እንደ ምትሐት ቢታይም ማብራሪያ አለው። ድምፁ የተሰማው አምስት ሰው፣ ማለትም ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ቤተሰብ ተሳፍሮ ሳለ ሲሆን፣ ጋራዥ የሚሄደው ግን ሾፌሩ ብቻውን ነው፤ ክብደቱ ሲቀንስ መኪናው ከፍ ይላል፣ የክንዶቹ ማዕዘን ይለወጣል፣ ተፋጭተው የነበሩት ሁለት ብረቶችም ይለያያሉ። በዚያ ላይ በብርድ ጠንክሮ የነበረ ላስቲክ በመንገድ ላይ ሞቆ ለስልሷል፣ የጋራዡም ወለል ልስልስ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ለትክክለኛ ምርመራ ቤተሰቡ እንዳለ መሄድ ነበረበት፤ ለአያት ግን ለክብደት እንደሚፈለጉ በአክብሮት የሚነገርበት መንገድ እስካሁን ስላልተገኘ፣ ጥቂት ኩንታል ጤፍ ቢተካቸው የተሻለ ነው።

ሜካኒኩ «እስኪ አንዴ ልንዳው» ብሎ ወጥቶ ሲመለስ ሁለት ተጨማሪ ድምፆች ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም «ጋሼ፣ እግሩ በሙሉ አልቋል፣ ሁሉም ይቀየር» የሚለው ውሳኔ ይተላለፋል። ይህን ውሳኔ ሁልጊዜ ማጭበርበር ማለት አይገባም፤ አንድ ድምፅ አጥፍቶ ሌላው ቢቀርበት ደንበኛው ተቆጥቶ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው፣ ሁሉንም በመለወጥ ራሱን ያድናል። ድምፁም ይጠፋል። የጠፋው በየትኛው ዕቃ ምክንያት እንደሆነ ግን ባለመኪናውም ሜካኒኩም ሳያውቁት ይቀራል፤ ወጪው ለዕቃ የወጣ ይመስላል እንጂ የወጣው ሁለቱም ላላወቁት ነገር ነው።

መለዋወጫ ፍለጋው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያደርሳል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ዕቃ ለናሙና በፌስታል ይዞ መሄዱ ብልኅነት ነው፤ የራቭፎር ትውልዶች ከውጭ ቢመሳሰሉም ሊንኮቻቸው በርዝመትም በጥርስም ይለያያሉ፣ አንዳንዱም የግራና የቀኝ አለው። ሻጩ «ኦርጅናል ልስጥህ ታይዋን?» ሲል ጥያቄው ስለ አገር ሳይሆን ስለ ኪስ መሆኑን መረዳት ያሻል። በካርቶን ላይ የታተመ ስም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተሻለው ምስክር ዕቃው ራሱ ነው። አዲስ ሊንክ ኳሱን በእጅ ሲያዞሩት ከበድ ብሎ ግን ሳይንገራገጭ መዞር አለበት፤ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ከመንገድ ሳይተዋወቅ አልቋል። የአቧራ መከላከያ ላስቲኩ ስንጥቅ የሌለበት፣ ቀለበቱም በቦታው የተቀመጠ ይሁን። ከተፈታ መኪና የወጣ ኦርጅናል ብረት ክንድ አንዳንዴ ከአዲስ ኮፒ ይሻላል፤ በላዩ ላይ ያለው አሮጌ ላስቲክ ግን ከማንም አይሻልም።

ገጠማው ላይ ሁለት ነገሮች ችላ ሊባሉ አይገባም። አንደኛው ደኅንነት ነው፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት፣ ወይም የታመቀ ሞላን ያለ ትክክለኛ ማመቂያው ለመፍታት መሞከር፣ ድምፁን ከነሰሚው ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ባለሙያዎች የሚዘሉት ነው። የታችኛው ክንድ ላስቲክ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ክንዱ ሲንቀሳቀስ አይንሸራተትም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። ብሎኑ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በሙሉ ኃይል ከተጠበቀ፣ መኪናው ወርዶ ሲቆም ላስቲኩ ገና ምንም ሳይሠራ ተጠምዝዞ ይቆያል፤ አዲሱ ዕቃም በጥቂት ወራት ይቀደዳል፤ ጥፋቱ ግን «ኮፒ ስለሆነ ነው» ተብሎ በሌለበት ይፈረድበታል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑን በእጅ ይዞ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ ክብደቱን ሲሸከም ያን ጊዜ ማጥበቅ ነው። ይህ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ አንድ ማኪያቶ ከመጠጣት አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ማኪያቶው ይመረጣል።

ዋናው ጩኸት ሲጠፋ በእርሱ ተሸፍነው የነበሩት ትንንሾቹ ይሰማሉ፦ የማርሚታ መስቀያ፣ የወንበር ቀበቶ፣ የላላ ፓራፋንጎ። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ወደ ከተማው የሚመጡት አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ሁኔታውን አባብሰውታል፤ ባትሪያቸው እግሩ የሚሸከመውን በመቶዎች ኪሎ ይጨምርበታል፣ ሞተራቸው ስለማይሰማም የሊንክ ድምፅ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። የቀድሞው የቤንዚን ሞተር ለካ ከመንዳት ሌላ ባለመኪናውን የማጽናናት ሥራም ነበረው።

ክንድና ቴስቲና ከተለወጠ በኋላ ዊል አላይመንት፣ ማለትም ጎማዎቹ ከመንገዱና ከእርስ በርሳቸው ጋር የሚይዙትን ማዕዘን ማስተካከል ግዴታ ነው። ማዕዘኑ የተዛባ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ከዓይን ተሰውሮ ይበላል፤ ዘይቱን ያፈሰሰ አሞርዛተርም ጎማውን ከመንገዱ ጋር አጥብቆ ስለማይዘው ፍሬን የሚይዝበትን ርቀት ያረዝማል። እነዚህ ሁለቱ ከሊንክ ይልቅ እጅግ አደገኞች ቢሆኑም አንዳቸውም «ቋ» አይሉም። የአላይመንቱ ባለሙያ ጎማውን ዞር አድርጎ ሽቦው የወጣበትን ጠርዝ ሲያሳይና «ጋሼ፣ ይሄ ዛሬ ነው መቀየር ያለበት» ሲል፣ ባለመኪናው ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ የሚሰጠው መልስ «ግን እኮ ምንም ድምፅ የለውም» የሚል ነው።